ጭዱ ይመጥጣል፣ ጭቃው ይገታል

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አዛውንት ደወሉልኝ። ትንሽ የቋንቋ ማስተማሪያ ቤት አላቸው፤ ቤቱ ከብረታ ብረት ሥራ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ግራይንደሩ ሲነሣ መምህሯ ማርከሯን እንደያዘች ትቆማለች፣ ሲበርድ ካቆመችበት ትቀጥላለች። «ልጄ፣ ስፖንጅ እንዳትለጥፍብኝ፤ ሲቃጠል ጭሱን አይቻለሁ። ሌላ ነገር ካለህ አብጅልኝ» አሉኝ። ያን ሰሞን በስንዴ ጭድ ፓኔል መሥራት ጀምሬ ስለነበር ደስ አለኝ። በሞራሌ ፍሬም ጭድ ሞልቼ፣ በጆንያ አልብሼ፣ የጋራውን ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ ሸፈንኩት። ሥራው አምሮ ነበር፤ ፎቶም አንሥቼዋለሁ። በሳምንቱ መልሰው ደወሉ። «ክፍሉ ውስጥ ስናወራ ደስ ይላል፣ ድምፁ ለስልሷል። ግራይንደሩ ግን እንደ ድሮው ነው» አሉኝ። ከዚያ ቀጥለው ያሉኝን እዚህ አልጽፈውም።

ወደዚህ ቤት በኋላ እመለሳለሁ። ይህን የምጽፈው በማጠናቀቂያ ሥራ ላይ ላላችሁ አናጢዎች፣ ለሳኞች፣ ፎርማኖችና ትንንሽ ተቋራጮች ነው። ጭድ፣ ቃጫ፣ ጥጥ፣ ቀርከሃና ሰጋቱራ በየአካባቢያችን ሞልተዋል፤ ድምፅ ላይም በእውነት ይሠራሉ። የሚሠሩትን ሥራ ሳያውቁ መሸጥ ግን ደንበኛም ስምም ያሳጣል፤ እኔ አንዱን ደንበኛ ከሞላ ጎደል አጥቼ ነው የተማርኩት።

ድምፅ መምጠጥና ድምፅ መግታት ሁለት ሥራ ነው። ገበያው ሁለቱንም «ሳውንድ ፕሩፍ» ብሎ በአንድ ስም ስለሚሸጣቸው ደንበኛውም አናጢውም ይደናገራል። መምጠጥ ማለት ክፍሉ ውስጥ የተነሣው ድምፅ ግድግዳና ጣሪያ ላይ እየነጠረ እንዳይመላለስ ማድረግ ነው። ዕቃ ያልገባበት ቤት ውስጥ ስታወሩ የሚያስተጋባው የሚመጥጥ ነገር ስለሌለ ነው፤ ምንጣፍ፣ መጋረጃና ሶፋ ሲገባ ማስተጋባቱ ይጠፋል። መግታት ደግሞ ድምፁ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እንዳይሻገር መከልከል ነው። ለመምጠጥ የሚፈለገው ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ፣ አየር የሚያሳልፍ ነገር ነው። ለመግታት የሚፈለገው ከባድና አየር የማያሳልፍ ነገር ነው። አንዱ የሚፈልገውን ሌላው ይጠላዋል። እኔ ለአዛውንቱ የሠራሁላቸው የሚመጥጥ ነበር፤ የጠየቁኝ ግን የሚገታ ነው።

ጭድ እንዴት ይመጥጣል? ድምፅ የአየር መወዛወዝ ነው። የሚወዛወዘው አየር በጭዱ ዘንጎች መሃል ሲመላለስ ይፋተጋል፣ ፍትጊያው ጉልበቱን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ሙቀቱ በእጅ ተነክቶ የሚታወቅ አይደለም፤ የድምፁ ጉልበት ግን እዚያ ቀርቷል ማለት ነው። ስለዚህ ዕቃ ስትመርጡ መሣሪያ አያስፈልጋችሁም፤ አፋችሁን አስጠግታችሁ ንፉበት። ትንፋሻችሁ ምንም ሳይቸገር ካለፈ ዕቃው ሳስቷል፣ ጠቅጥቁት። ጨርሶ አላልፍ ካለ ተዘግቷል፣ አይመጥጥም። እየታገለ ካለፈ እሱ ነው የሚፈለገው። ነጩ የማሸጊያ ፎም ቀላልና ለስላሳ ቢመስልም በዚህ ፈተና ይወድቃል፤ ክፍሎቹ ዝግ ናቸው። ከሸንኮራ አገዳ ገለባና ከማግኒዥየም ማያያዣ የሚሠራውና ኮንዶሚኒየም ውስጥ ክፍል የሚከፈልበት አግሮስቶንም ውስጡ ተክል ቢኖርም ድምፅ አይመጥጥም፤ ቀዳዳው በማያያዣው ተደፍኗል። ተክል ስለሆነ ብቻ የሚመጥጥ ነገር የለም።

በዚሁ ስለ ቀለም አንድ ነገር ልበል። አሜሪካ ሉዊዚያና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ከሸንኮራ አገዳ ገለባ ሴሎቴክስ የሚባል ሰሌዳ በፋብሪካ ይሠራ ነበር፤ ከዚያም ለቢሮና ለትምህርት ቤት ኮርኒስ ድምፅ መጣጭ ሆኖ በሰፊው ተሸጠ። ባለሙያዎቹ የገጠማቸው ችግር ዛሬ እኛን ከሚገጥመን አይለይም፤ ባለቤቱ ሲቆሽሽ ቀለም ይቀባዋል፣ ቀለሙ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፣ ድምፁ ይመለሳል። መላ የዘየዱት ሰሌዳውን በመሰርሰሪያ በስተው ነው፤ ፊቱ ቢቀባም ድምፁ በቀዳዳው እየገባ ከውስጡ ጋር ይገናኛል። እናንተም የሠራችሁትን ስታስረክቡ «ፕላስቲክ ቀለም እንዳይነካው» ብላችሁ በጽሑፍ ስጡ። ቀለም መለወጥ የፈለገ ጆንያውን ያስነክር።

አሁን ወደ መግታት። የዕድሜ ልክ መምህራችን ጭቃ ቤት ነው። ቋሚው ተተክሎ፣ ማገሩ ታስሮ፣ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ቀናት የሰነበተው ጭቃ ሲመረግበትና ሲደርቅ፣ 15 ወይም 20 ሳንቲ ውፍረት ያለው ግድግዳ በካሬ ሜትር ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በሁለት በኩል ቺፑድ የተመታበት ክፍልፋይ ግን 10 ወይም 15 ኪሎ ብቻ ነው። የድምፅ ሕጉ ቀላል ነው፦ ነጠላ ግድግዳ ክብደቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚያልፈው ድምፅ ከ5 እስከ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። 10 ዴሲቤል ሲቀንስ ደግሞ ጆሮ በግማሽ ያህል የቀነሰ ሆኖ ይሰማዋል። ከ12 ኪሎ እስከ 200 ኪሎ አራት የእጥፍ እርምጃ አለ፤ አስሉት። አያቶቻችን ይህን በቁጥር ባያውቁትም የሠሩት ግድግዳ ዛሬ በውድ ከምንሸጠው የቺፑድ ክፍልፋይ ይበልጣል። እዚያ ግድግዳ ውስጥ ጭዱ ድምፅ አይመጥጥም፤ ሥራው ጭቃውን ማያያዝና እንዳይሰነጠቅ መያዝ ነው። ስንጥቅ ማስቀረት ራሱ ግን ድምፅ መግታት ነው፤ ምክንያቱም ድምፅ እንደ ጭስ ነው፣ ሽንቁር ካገኘ ግድግዳውን አይታገልም።

ሽንቁር ያልኩትን በቁጥር ላሳያችሁ። 90 ሳንቲ በ2 ሜትር ከ10 የሆነ በር ከሥሩ 1 ሳንቲ ክፍተት ቢኖረው፣ ክፍተቱ ከበሩ ስፋት ግማሽ ፐርሰንት እንኳ አይሞላም። ሆኖም በሩን ከእርሳስ ብትሠሩት ከ23 ዴሲቤል በላይ መግታት አይችልም። ስለዚህ ገና ጭድ ሳትገዙ እጣን አጭሱ። በሩንና መስኮቱን ዝጉና ጭሱን በክፈፉ ዙሪያ፣ በማብሪያ ማጥፊያው፣ ቧንቧ በሚገባበትና ግድግዳው ከኮርኒስ በሚገናኝበት ቦታ እያንቀሳቀሳችሁ እዩ። ጭሱ የተሳበበት ወይም የተገፋበት ሁሉ የድምፅ መንገድ ነው። ትልቁን ክፍተት በቃጫ ወይም በአሮጌ ጥጥ ጠቅጥቃችሁ ከላይ በጭቃ፣ በጂፕሰም ወይም በስቱኮ ድፈኑት። ቃጫው ብቻውን አይበቃም፤ አየር ያሳልፋል።

ጭዱና ክብደቱ ተባብረው የሚሠሩበት ቦታ የድርብ ግድግዳ ሆድ ነው። ሁለት የሞራሌ ፍሬም እርስ በርስ ሳይነካኩ፣ መሃላቸው 2 ወይም 3 ሳንቲ ተለቆ ይቆማሉ። ሆዱ በደረቅ ጭድ ወይም በቃጫ በልቅ ይሞላል። ውጪያቸው በሁለት በኩል በጭቃ ይመረጋል፣ ወይም ቺፑድ ድርብ ተደርጎ መጋጠሚያው ሳይገጣጠም ይመታል። ሆዱ ባዶ ከሆነ አየሩ እንደ ከበሮ ይንቀጠቀጣል፣ አንዱን ፊት የመታው ድምፅ ሌላውን ያስጮኸዋል። ጭዱ ያንን ከበሮ ያሰክነዋል። ሁለቱን ፍሬም በአንዲት ሚስማር ካገናኛችሁ ግን የድካማችሁን ትልቅ ድርሻ መለሳችሁ ማለት ነው። ረዳቶቼን የምቆጣው በዚህች ሚስማር ነው።

ወደ ዕቃው ምርጫ ስንመጣ፣ የጤፍ ጭድ ደቃቅ ስለሆነ በደንብ ይመጥጣል፣ ለምርጊት ደግሞ አቻ የለውም። ዋጋው ግን ከብት አርቢው እጅ ነው፤ በበጋው መጨረሻ መኖ ሲጠፋ ይወደዳል፣ እኔም ከላም አፍ ነጥቄ ግድግዳ ውስጥ ማሸጉን አልወደውም። የምትገዙ ከሆነ ውቂያ እንዳለቀ፣ በታኅሣሥና በጥር ግዙ። ለፓኔል የስንዴ ጭድ እመርጣለሁ፤ ዘንጉ ጠንካራ ስለሆነ ተጨምቆ አይቀመጥም፣ ቅርጹን ይይዛል። በአርሲና በባሌ ኮምባይነር ካለፈበት ማሳ በርከት ብሎ ይገኛል። የእንሰት ቃጫ ከሁሉ ይበልጣል፤ ረጅም፣ ጠንካራና ንጹሕ ነው፣ ቆጮ በሚፋቅበት አገር ሁሉ ተረፈ ምርት ነው። አዲስ አበባ ሲደርስ ይወደዳል እንጂ ለትንሽ ቀረጻ ክፍል ወይም ለበር መሙያ ዋጋ ያወጣል። አሮጌ የፍራሽ ጥጥ ተፍታትቶና በፀሐይ ተሰጥቶ መልካም መጣጭ ይሆናል፤ ከሁሉ ቀድሞ እሳት የሚይዘው ግን እሱ ነው። ሰጋቱራ ብቻውን ይረጋና ከላይ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ እኔ ለግድግዳ አልጠቀምበትም።

ቀርከሃን ብዙ ሰው ድምፅ መከላከያ ያደርገዋል። ቀርከሃ ግን ራሱ አይመጥጥም፤ ፊቱ ለስላሳና ጠንካራ ነው። የተሰነጠቀና የተጠለፈ የቀርከሃ ግድግዳ ድምፅንም አይገታም፤ መሃሉ ሁሉ ክፍተት ነው። ጥቅሙ ለፍሬምና ለፊት መሸፈኛ ነው፤ በሰፊው ተጠልፎ ጭዱ ላይ ቢደረግ ድምፁን እያሳለፈ ጭዱን ከሰው እጅና ከወንበር ጀርባ ይጠብቃል። ለፍሬም ከሆነ የቤኒሻንጉል ጉሙዙ የቆላ ቀርከሃ ውስጡ ሙሉ ስለሚሆን ብሎን ይይዛል፤ የአዊና የሲዳማው የደጋ ቀርከሃ ግን ክፍት ስለሆነ ለስንጥቅ ሥራ ይሻላል። በሁለቱም ውስጥ ነቀዝ የሚወደው ስታርች አለ፤ በበጋ የተቆረጠና በቦራክስ ውሃ የተነከረ ካልሆነ በዓመቱ ዱቄት ሲያራግፍባችሁ ታገኙታላችሁ።

ፓኔሉን እንዴት እንደምሠራ ልንገራችሁ። ፍሬሙ 60 በ120 ሳንቲ፣ ጥልቀቱ 5 ሳንቲ ነው። ጭዱን በነፋስ አበጥራለሁ፤ አቧራው ካልወጣ ደንበኛው ሲያስል ይኖራል። ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን በጠራ ፀሐይ አሰጣለሁ። ጨብጣችሁ ስትለቁት ተንኮሻኩሾ ካልተበተነ ወይም ሽታው ጓዳ ጓዳ ካለ ገና አልደረቀም፤ እርጥብ ጭድ ማሸግ ሻጋታ ማሸግ ነው። አንዱን ፍሬም ከ2 ኪሎ ተኩል እስከ 3 ኪሎ ጭድ ይሞላዋል። ከኋላ በስስ መረብ፣ ከፊት ታጥቦ በደረቀ ጆንያ ይወጠራል። የስኳርና የእህል ጆንያ ሳይታጠብ ከሠራችሁበት አይጥ ጋብዛችኋል። ግድግዳው ላይ ሲሰቀል ከኋላው 5 ሳንቲ አየር እተዋለሁ፤ ያ ባዶ አየር ያለ ተጨማሪ ወጪ የፓኔሉን ውፍረት እጥፍ ያህል ያደርገዋል።

ውፍረት የሚያስፈልገው ለምን መሰላችሁ? ድምፅ በሴኮንድ ወደ 340 ሜትር ይጓዛል። ቀጭን ድምፅ፣ ለምሳሌ በሴኮንድ 1000 ጊዜ የሚወዛወዝ፣ የአንድ ሞገዱ ርዝመት 34 ሳንቲ ነው። ጭድ በደንብ የሚመጥጠው ከኋላው ካለው አየር ጋር ውፍረቱ የሞገዱን ሩብ ሲጠጋ ነው፤ 8 ሳንቲ ተኩል ማለት ነው፣ የእኛ ፓኔል ይደርስበታል። በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚወዛወዘው የጄኔሬተር ጉርምርምታና የሙዚቃ ቤት ቤዝ ግን ሞገዱ 3 ሜትር ከ40 ነው፤ ሩቡ 85 ሳንቲ ይሆናል። ይህን ያህል ክፍሉን የሚሰጣችሁ ደንበኛ የለም። ስለዚህ ቤዝ በጭድ ፓኔል እንደማይጠፋ አስቀድማችሁ ንገሩ። የእንቁላል ትሪ ግድግዳ ላይ መደርደርማ ቀጭኑን ድምፅ ጥቂት ከማፈን በቀር ፋይዳ የለውም፤ አቧራና የእሳት መንገድ ነው።

ስለ እሳት ቀልድ የለም። ደረቅ ጭድ ልቅ ሆኖ አየር ሲያገኝ እንደ ባሩድ ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ጭዱን በቀጭኑ የተበጠበጠ ጭቃ ውስጥ ነክሮ፣ በደንብ አንጠፍጥፎ ማድረቅ ነው፤ እያንዳንዱ ዘንግ የጭቃ ልብስ ይለብሳል፣ ቀዳዳው ግን መደፈን የለበትም። ሁለተኛው ቦራክስና ቦሪክ አሲድ በሙቅ ውሃ አሟሙቶ መንከር ነው፤ ይህ ነቀዝና ምስጥንም ያርቃል። ጓንት አድርጉ፣ ዕቃውን ልጆች ከሚደርሱበት አርቁ። ሲደርቅ አንድ እፍኝ ውሰዱና ግቢ ውስጥ ክብሪት ለኩሱበት፤ ክብሪቱ ሲነሣ ጭዱ ራሱ መንደዱን ከቀጠለ ድገሙት። የኤሌክትሪክ መገናኛና የአምፖል መያዣ ፓኔል ውስጥ ወይም ጀርባ በፍጹም አይቀበር። ሰው የሚበዛበት አዳራሽ፣ ክሊኒክና ትምህርት ቤት ሲሆን ደግሞ በግቢ ክብሪት የሚፈረድ ነገር አይደለም፤ በላቦራቶሪ የተፈተነ ዕቃ ይጠየቅ፣ ካልተገኘ ሥራውን ተዉት።

ስንት ፓኔል እንደሚበቃ በግምት አትናገሩ፤ ሒሳቡ ቀላል ነው። ያወጣው ዋላስ ሳቢን የሚባል የሃርቫርድ የፊዚክስ መምህር ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 አዲስ የተሠራ የንግግር አዳራሽ መምህሩ የተናገረው ቃል ከ5 ሴኮንድ በላይ እያስተጋባ አላስተምር ሲል ነገሩ ለእሱ ተሰጠው። ሳቢን ሌሊት ሌሊት ከሌላ አዳራሽ የወንበር ትራስ እያስጫነ፣ ትራስ እየጨመረና እየቀነሰ ድምፁ የሚቆይበትን ጊዜ ለካ። የክፍሉን ይዘት በሜትር ኩብ ውሰዱ፣ በ0.161 አባዙት፣ በክፍሉ ባለው ጠቅላላ የመምጠጥ መጠን አካፍሉት፤ የሚገኘው የማስተጋቢያው ሴኮንድ ነው።

አንድ የመማሪያ ክፍል 8 በ7 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር ይሁን፤ 168 ሜትር ኩብ ነው። የግድግዳው፣ የወለሉና የጣሪያው ስፋት ተደምሮ 202 ካሬ ሜትር ይሆናል። ልስን፣ ሲሚንቶና መስታወት ከመቶው 4 እጅ ያህል ብቻ ይመጥጣሉ፤ ስለዚህ ጠቅላላ መምጠጡ 8 ካሬ ነው። ማስተጋቢያው 3 ሴኮንድ ከሩብ ያልፋል። እዚህ ውስጥ «ሰባት» እና «ሰላሳ» የሚለየው ተማሪ ጎበዝ ነው። አሁን በላቦራቶሪ የተፈተነ 40 ፓኔል ስቀሉ። እያንዳንዱ 0.72 ካሬ ነው፣ ድምፁን ከመቶ 70 ይመጥጣል ብንል 20 ካሬ ተጨመረ፤ ማስተጋቢያው ወደ 1 ሴኮንድ ወረደ። 40 ተማሪ ሲገባበት ደግሞ የሰው አካልና ልብስ ወደ 14 ካሬ ያክልበታል፣ ማስተጋቢያው 0.64 ሴኮንድ ይሆናል። ለመማሪያ ክፍል የሚመከረው 0.6 አካባቢ ስለሆነ ደርሰናል። በ20 ፓኔል የጀመረ ደንበኛም ትልቁን ለውጥ ያገኛል፤ የመጀመሪያዎቹ 20 ከሚቀጥሉት 20 ይበልጥ ይሠራሉ። ገንዘብ ካጠረ ከግማሹ መጀመር አያሳፍርም። ፓኔሉ በአንድ ግድግዳ ላይ ከሚከመር ተበትኖ ቢሰቀል ይሻላል።

ክረምት ሲመጣ ሌላ ጣጣ አለ፤ ቆርቆሮ። የሣር ክዳን ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ዝናብን የሚያውቀው በጠረኑ ነው፤ ቆርቆሮ ሥር ያደገ በጩኸቱ ያውቀዋል። ከሰዓት በኋላ አንድ ዶፍ ሲወርድ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ከመቀመጥ በቀር ምርጫ የለውም። ድምፁን የሚያመነጨው ራሱ የሚንቀጠቀጠው ቆርቆሮ ስለሆነ ግድግዳ ላይ ፓኔል መስቀል ለዚህ ብዙ አይረዳም። መፍትሔው ከላይ ነው፤ የታሸገ ኮርኒስ ይሠራል፣ ከኮርኒሱ በላይ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ የታከመ ጭድ ወይም ቃጫ ይነጠፋል። የድሮ ሰዎች የአቡጀዲ ኮርኒስ፣ የዛሬ ድሆች የማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ አቧራ ይይዛሉ እንጂ ክብደት ስለሌላቸው የዝናብ ድምፅ አይገቱም።

አንዳንዱ ጭቃ የነካ ጭድ 4 ሳንቲ ያህል ኮርኒስ ላይ ማንጠፍ ይወዳል። በድምፅ ረገድ ልክ ነው፤ ክብደትም መጣጭም በአንድ ላይ። ግን በካሬ ወደ 24 ኪሎ ይጭናል፤ ቅድም ባሰላነው 56 ካሬ ክፍል ላይ ከ1300 ኪሎ በላይ ነው። በባህር ዛፍ አጣና የተሠራ ጣሪያ ይህን እንዲሸከም አልተሠራም። መሐንዲስ ሳያየው እንዳትሞክሩት፣ ሥሩ የሚቀመጡት ልጆች ናቸው። ሌላው ደግሞ የሚያፈስ ቆርቆሮ ሥር ጭድ ማንጠፍ ነው፤ መጀመሪያ የሚያፈሰውን ድፈኑ።

ኮንዶሚኒየም ላይ የሚጠሩኝ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሙቀጫ ነው። ላይኛው ፎቅ ቡና ሲወቀጥ ታች ያለው ሰው ጣሪያ ላይ ፓኔል እንድሰቅል ይፈልጋል። ምቱ በወለሉ ኮንክሪት ውስጥ አልፎ በግድግዳውም ይወርዳል፤ የታችኛው ኮርኒስ የሚያድነው ጥቂት ነው። ርካሹ ሥራ ላይኛው ቤት ነው። ወፍራም የቃጫ ምንጣፍ ሦስት ጊዜ አጥፋችሁ ወይም ጆንያ ውስጥ ሰጋቱራ ሞልታችሁ ሰፍታችሁ፣ ከላዩ ጣውላ አድርጉና ሙቀጫው እዚያ ላይ ይቀመጥ። ሰጋቱራን የማመሰግንበት አንድ ቦታ ይኸው ነው። አንድ ጊዜ ታች ያሉት እናት የላይኛዋን ጎረቤታቸውን ለዚህ ሥራ ከፍለውላታል፤ እኔ ያገኘሁት ግን የቡና ግብዣ ነበር።

ስለ ክፍያና ስለ ቃል። «ድምፅ አጠፋለሁ» ብላችሁ አትዋዋሉ፤ «እቀንሳለሁ» በሉ፣ የትኛውን ድምፅ እንደሆነም ጻፉ። ከሥራው በፊት ስልካችሁ ላይ ባለ የድምፅ መለኪያ ለኩ። የስልክ መለኪያ ቁጥሩ ልክ ላይሆን ይችላል፤ ያው ስልክ፣ በዚያው ቦታ፣ ለዚያው ድምፅ በፊትና በኋላ ሲለካ ግን ልዩነቱን ያሳያል። በአገራችን ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው ወሰን በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል መሆኑንም እወቁ፤ አንዳንዴ ለደንበኛው የሚሻለው ፓኔል ሳይሆን ጎረቤቱን ይዞ ወደ ወረዳ መሄድ ነው። ይህን ብነግረው ሥራ ያመልጠኛል ብላችሁ አትፍሩ፤ እንዲህ የነገርኳቸው ሰዎች ሌላ ደንበኛ ልከውልኛል።

ወደ አዛውንቱ ቤት ልመለስ። በራሴ ወጪ ፓኔሎቹን ነቅዬ ግድግዳውን ስመረምር እንከን አጣሁበት፤ በሁለት በኩል የተለሰነ ብሎኬት ነው፣ ክብደት አለው። እጣን አጨስኩ፤ ጭሱ ዝም ብሎ ወደ ላይ ወጣና ኮርኒሱ ጠርዝ ላይ ተሳበ። መሰላል አመጣሁ፣ አንዲት ቺፑድ ነቀልኩ፣ በስልኬ መብራት አየሁ። ግንበኛው ብሎኬቱን ኮርኒሱ እስከሚጀምርበት ድረስ ገንብቶ አቁሞታል። ከዚያ በላይ እስከ ቆርቆሮው ድረስ ባዶ ነው፤ የብረታ ብረት ቤቱን አምፖል ከዚያ ሆኜ ሳየው ነበር። ግራይንደሩ በጣሪያው ሆድ አልፎ በስሱ ኮርኒስ እየወረደ ነው የሚያስተምረው።

በሁለት ቀን ባዶውን ቦታ በሞራሌና በማገር አጥረን፣ በሁለት በኩል ከጭድ ጋር የቦካ ጭቃ መረግንበት፤ ሆዱን የነቀልኩት የስንዴ ጭድ ሞላው። ጭቃው በቆርቆሮው ሞገድ ሥር እየገባ እንዲዘጋ በእጅ ነው የደፈንነው። ከቀሩት ፓኔሎች ግማሹን መልሰን ሰቀልን። ግራይንደሩ ዛሬም ይሰማል፣ መምህሯ ግን አትቆምም።

እናንተ ደግሞ ለሚቀጥለው ደንበኛ ዋጋ ከመናገራችሁ በፊት መሰላል አስመጡና አንዲት የኮርኒስ ቁራጭ ነቅላችሁ እዩ።